በበርበራ የተዘጋው ሚሲዮንና የሐርጌሳ ጉባኤያችን

ከወጃሌ ኬላ አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐርጌሳ የሚገባ የአገራችን ሰው፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ቤት ኪራይ ከጠየቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚህ ቤተ ክርስቲያን አለ?» ይለናል። አጭሩ መልሳችን «ሕንፃው የለም፣ ሰዉ አለ» የሚል ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በዚህ አይረካም። «ጅቡቲ አለ አይደል? እዚህ ለምን ተከለከለ?» ይላል። አንዳንዱ ነገሩን በጥላቻ ይተረጉመዋል። አንዳንዱ ደግሞ የዛሬ ባለሥልጣን ትናንት ያወጣው ሕግ ይመስለዋል።

ነገሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ታሪክ አለው። ያን ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለነጋዴዎች የትርፍ ጊዜ ንባብ አይደለም። የምንሰበሰብበት ቤት፣ የልጆቻችን አስተዳደግ፣ የሞተ ወገናችን የሚቀበርበት አፈር፣ ከጎረቤት ጋር ያለን ሰላም ሁሉ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የምናውቀውን በቅደም ተከተል እናስቀምጣለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነጋዴ የሚገባው በአባን ነበር

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በርበራ ዓመቱን ሙሉ ከተማ አልነበረችም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ግድም፣ ነፋሱ ለመርከብ ሲመች፣ ባዶው የባሕር ዳርቻ በአንድ ጊዜ ታላቅ ገበያ ይሆናል። ሲራራ ነጋዴው ከሐረርና ከኦጋዴን ቡና፣ ቅቤ፣ ሙጫ፣ የሰጎን ላባ፣ ከብትና ባሪያ ይዞ ይወርዳል። ከዓረብና ከህንድ በኩል ደግሞ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር ይመጣል። ወቅቱ ሲያልቅ ሰዉ ጎጆውን ነቅሎ ይበተናል።

ወደዚህ ገበያ የሚመጣ እንግዳ ብቻውን አይገባም። «አባን» ያስፈልገዋል። አባን ደላላም፣ አስተርጓሚም፣ ጠባቂም፣ ዋስም የሆነ የአገሩ ሰው ነው። እንግዳውን የነካ አባኑን ነካ፤ አባኑን የነካ ጎሳውን ነካ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1854 ከዘይላ ተነሥቶ ወደ ሐረር ሲጓዝ ይህን ሥርዓት ራሱ ኖሮበት፣ በመጽሐፉም በሰፊው ጽፎታል።

የሥርዓቱ መሠረት ዋስትና ነው። በሶማሌ ልማድ ሰው የሚታወቀው በጎሳው ነው። ደም ቢፈስ ካሳውን፣ እነሱ «መግ» የሚሉትን፣ የሚከፍሉትም የሚቀበሉትም የአንድ ሐረግ ዘመዶች በጋራ ናቸው። ጎሳ የሌለው ሰው ዋስ የለውም፤ ቢገደልም ደሙን የሚጠይቅለት የለም። የህንድ ባንያ ነጋዴዎች ሙስሊም ሳይሆኑ በዚህ ገበያ ሲነግዱ የኖሩት ሥፍራቸው የታወቀ ስለነበረ ነው። እንግዶች ናቸው፣ ዋስ አላቸው፣ ሒሳባቸውን ዘግተው ይሄዳሉ፣ የማንንም ልጅ አይጠይቁም። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ እንያዘው። ቀጥሎ የመጣው ጣጣ ሁሉ የተነሣው ከእርሱ ነው።

ሐረር ላይ የሆነው፣ በርበራ ላይ የሆነው

የካቶሊክ ሚሲዮን ወደ ቀጠናችን የመጣው በካፑቺን መነኮሳት በኩል ነው። በእኛ ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባለው ጣሊያናዊው ጉሊየልሞ ማሳያ በ1846 ለኦሮሞ አገር ተሹሞ፣ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ሸዋ ላይ ሠርቷል። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ተከታዩ ፈረንሳዊው ቶሪን ካኝ በ1881 በዘይላ መንገድ ሐረር ገባ። ሐረር ያኔ በግብፆች እጅ ነበረች። በ1887 ምኒልክ ከተማዋን ከያዙና ራስ መኮንን ከተሾሙ በኋላም ሚሲዮኑ አልተነቀለም። አባ እንድርያስ የሚባሉት ፈረንሳዊው ጳጳስ እንድሬ ዣሮሶ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሐረር ነው። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት፣ በልጅነታቸው ከዚያ ሚሲዮን ሰዎች ተምረዋል።

ሐረር ላይ ሚሲዮኑ ለምን ቆየ? አንዱ ምክንያት ባለሥልጣኑ ራሱ ክርስቲያን መሆኑ ነው። ሌላው ደግሞ እነ አባ እንድርያስ አገሩን ለምደው፣ ቋንቋ ተምረው፣ ሕሙማንን እያስታመሙ በቀስታ መኖራቸው ነው። ግን አንድ ነገር መደበቅ የለበትም፤ ሐረር ላይ ሚሲዮኑን ከኋላ ያቆመው የአሸናፊ መንግሥት ነበር። ሐረሪውና በዙሪያው ያለው ሶማሌና ኦሮሞ ይህን ያውቅ ነበር።

በርበራ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ግብፆች በ1884 ለቀው ሲወጡ እንግሊዞች ወደቡን ያዙ። ዋና ፍላጎታቸው ለዓደን ጦር ሰፈር ሥጋ ማግኘት ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በዓደን ጳጳስ ሥር የነበሩ የካፑቺን መነኮሳት በርበራ ላይ ሚሲዮን ከፈቱ። ጎልማሳ ሶማሌ ይሰማናል ብለው ብዙም ተስፋ አላደረጉም። የሰበሰቡት ወላጅ የሞተባቸውንና ችጋር የጣላቸውን ልጆች ነው። አበሏቸው፣ አለበሷቸው፣ አስተማሯቸው፣ አጠመቋቸው።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ክፉ ነገር አለው? የተራበ ልጅ አበሉ» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን በሶማሌ ዓይን ሲታይ ልጁ ከሞት ቢተርፍም ከጎሳው ወጥቷል።

የልጁ መልስ

በሶማሌ አገር ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚነገር፣ በታሪክ መጻሕፍትም የሰፈረ አንድ ወሬ አለ። ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን፣ እንግሊዞች «ዕብዱ ሙላህ» እያሉ የሚጠሩት፣ ከመካ ተመልሶ በ1890ዎቹ አጋማሽ በርበራ ተቀመጠ። በከተማው የሚሲዮኑን ልጆች አገኘና አንዱን «ጎሳህ ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ «የአባቶች ጎሳ ነኝ» አለው፤ የመነኮሳቱ ማለቱ ነው።

ይህ ቃል ቃል በቃል ተነግሮ ይሁን አይሁን ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው ሕዝቡ አምኖ ይዞት መኖሩ ነው። «አባን» የጎሳው ሰው ሆኖ እንግዳውን በጎሳው ጥላ ያስጠልላል። እነዚህ «አባቶች» ግን ራሳቸው ጎሳ ሆነው ልጆች አፍርተዋል። ሰይዱ በዚህ ወሬ ሰባኪነቱን አጠነከረ ይባላል። በ1899 ግልጽ ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 1920 ሃያ አንድ ዓመት ያህል ዘለቀ።

ለእኛ ደግሞ ይህ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1901ና በ1903 የምኒልክ ጦር ከእንግሊዝ ጋር ተባብሮ ደርቪሾቹን በኦጋዴን በኩል ወግቷል። ሰይዱም በመጨረሻ ታሌሕ በአውሮፕላን ከተደበደበ በኋላ ሸሽቶ የሞተው በእኛ አገር፣ ኢሚ ላይ ነው። ስለዚህ ሐርጌሳ ላይ አንድ ሽማግሌ ስለ «ጋሎ» ሲያወራ፣ እንግሊዙን፣ መነኩሴውንና ሐበሻውን በአንድ ከረጢት ቢጨምራቸው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም።

ጦርነቱ እየከፋ ሲሄድ እንግሊዞች የውስጡን አገር ትተው ወደ ባሕር ዳርቻ ሰበሰቡ። በ1910 የበርበራው ሚሲዮን ተዘጋ። ሙስሊሙን ሕዝብ ያስቆጣል ብሎ የወሰነው ክርስቲያኑ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ነው። ከዚያ በኋላም ለሚሲዮን በሩ ዝግ ሆኖ ቆየ። ይህን ብዙ ወገናችን አያውቅም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስብ። መርከብ ተሳፍሮ ዓደን ለሚወርድ መነኩሴ የሚሲዮኑ መዘጋት የሥራ ቦታ መቀየር ነው። «የአባቶች ጎሳ ነኝ» ላለው ልጅ ግን ጎሳው ፈረሰ ማለት ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ትምህርት ቤቱም ዳፋውን ተቀበለ

ሚሲዮኑ ከሄደ በኋላ ጥርጣሬው አልሄደም፤ ትምህርት ቤት ላይ ዐረፈ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ መንግሥቱ ግብር ጥሎ ትምህርት ለመክፈት ሲያስብ ሕዝቡ ተነሣ። በ1922 ቡርዖ ላይ በግብር ምክንያት በተነሣ ሁከት የወረዳው ሹም ካፒቴን አለን ጊብ ተገደለ፤ ዕቅዱም ተተወ። በ1930ዎቹ አጋማሽ እንደገና ስለ ትምህርት ቤትና ሶማሊኛን በላቲን ፊደል ስለ መጻፍ ሲነሣ ቡርዖ ላይ ዳግም ተቃውሞ ሆነ። ብዙ ሰው የፈራው ልጁ ፊደል እንዳይቆጥር አይደለም፤ እንደ በርበራዎቹ ልጆች እንዳይሆንበት ነው።

ይህን ቋጠሮ የፈታው የውጭ ሰው ሳይሆን የአገሩ ልጅ መሐሙድ አሕመድ ዓሊ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ትምህርቱን ከቁርኣን ጋር አስታርቆ፣ ስድቡንም ችሎ ጀመረ። ዛሬ የሶማሌላንድ ትምህርት አባት ይባላል። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ የበርበራው ሥራ በጎ ሐሳብ ቢኖረውም ያስከተለው ፍርሃት የብዙ ሺህ ልጆችን ትምህርት አዘግይቷል።

መስታወቱን ወደ ራሳችን

«እነሱ ብቻ ናቸው እንዲህ የሚጠራጠሩት» የሚል ካለ የራሱን አገር ታሪክ ይመልከት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ንጉሡን ወደ ካቶሊክ ከመለሱ በኋላ የፈሰሰው ደም ይታወቃል። አፄ ፋሲል በ1632 ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ አገሪቱም ለረዥም ጊዜ በአውሮፓ ቄስ ላይ በሯን ዘጋች። አቡነ ማስያስንም ያስወጣው ክርስቲያን ንጉሥ ነው።

ከዚህም ቀረብ ያለ ማስረጃ አለ። በነሐሴ 1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገራችንን ለሁለት ከፍሏት ነበር። አንዱ «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል» ሲሆን እዚያ የውጭ ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ቢፈቀድለት እንኳ ሰውን ወደ ራሱ እምነት መለወጥ አይችልም። ሌላው «ክፍት ክልል» ነው፤ እዚያ መስበክ ይፈቀዳል። ምእመኑ በሌላ እንዳይወሰድበት የሚሰጋ መንግሥት ምን እንደሚያደርግ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። እርግጥ ልዩነት አለ። ሰፊው የአገራችን ክፍል ክፍት ነበር፤ የተለያየ እምነትም በግልጽ ኖሯል። ፍርሃቱ ግን ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው።

ሐርጌሳ

የዛሬዋ ሐርጌሳ እንደ ከተማ የተነሣችው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሼክ መዳር በመሠረቱት የሃይማኖት ሰፈር ነው። የቃዲሪያ ጠሪቃ ሼክ ነበሩ፤ ተማሪና ስደተኛ ሰብስበው እርሻና ትምህርት አስለመዱ። ከዚያ ላይ ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ የሚሄደው የሲራራ መንገድ ታከለበት። ስለዚህ የከተማዋ ሥር ሁለት ነው፤ መስጊድና ገበያ። እንግሊዞች ጣሊያንን ካስወጡበት ከ1941 በኋላ ዋና ከተማውን ከበርበራ ወደዚህ አዛወሩ።

በእንግሊዝ ዘመን ለውጭ አገር ሰዎች አምልኮ የሚሆን አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ ተሠርታ ነበር፤ የቅዱስ እንጦንስ ዘፓዱዋ ትባላለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ ወታደሮች መካነ መቃብርም በከተማዋ አለ። ሁለቱም የተሠሩት ለእንግዳ ነው፤ አንዱ በሕይወት ላለው፣ አንዱ ለሞተው። በርበራ ላይ የሆነው እንዲደገም የፈለገ አልነበረም።

ሰኔ 26 ቀን 1960 ሶማሌላንድ ነፃ ወጣች፤ ከአምስት ቀን በኋላ ከደቡቡ ጋር ተዋሐደች። በደቡቡ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሜኖናይትና የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ሰዎች ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ከፍተው ነበር። በ1962 አንድ የሜኖናይት ሚሲዮናዊ ሞቃዲሾ ላይ በስለት ተገደለ። በ1963 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ከእስልምና ሌላ ሃይማኖትን ማስፋፋት ተከለከለ። በ1970ዎቹ የዚያድ ባሬ መንግሥት የሚሲዮኖቹን ንብረት ወርሶ ሰዎቹን አስወጣ። እንግዲህ ክልከላው የአክራሪ ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ፣ ምርጫ ያደረገ ሪፐብሊክና ሶሻሊስት ወታደር በየተራ ያጸኑት ነው።

በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ከምድርም ከሰማይም ደበደባት። ሕዝቡ በእግሩ ወደ እኛ አገር ፈለሰ፤ ጅግጅጋ አጠገብ ሐርትሼክ ከዓለም ታላላቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ። ዛሬ ሱቅ ከሚያከራዩን ሰዎች ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ድንኳን ውስጥ ያደጉ ናቸው። አማርኛ ሲናገሩ ስንሰማ የምንገረመው ለዚህ ነው። ግንቦት 18 ቀን 1991 ሶማሌላንድ ነፃነቷን መልሳ አወጀች። በ2001 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥቷ በአንቀጽ 5 እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት መሆኑንና ሌላ ሃይማኖት ማስፋፋት ክልክል መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 33 ደግሞ ሰው እምነቱን እንዲለውጥ አይገደድም ይላል፤ ያው አንቀጽ ሙስሊም ከእስልምና ሊወጣ እንደማይችልም ይጠቅሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ያነበበ የእኛን ሥፍራ ያገኘዋል። እምነታችንን ይዘን መኖር እንችላለን፤ ማስፋፋት አንችልም።

ቦረማና የሦስት ሳምንት ሐዘን

እስካሁን ያልነው «በእንግድነት ሥርዓት የኖረ ሰላም ያገኛል» የሚል ይመስላል። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የአናሌና ቶኔሊን ነገር ማንሣት አለብን።

አናሌና ከጣሊያን ፎርሊ የመጣች ካቶሊክ ነበረች፤ መነኩሲት አልነበረችም፣ በማንም ሚሲዮን አልተላከችም። በ1969 ወደ ኬንያ መጣች። ዋጅር ላይ የሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ዘላን ሶማሌዎች እያስታመመች፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ የሚጨርሱበትን ዘዴ አበጀች። በ1984 የኬንያ ጦር ዋጋላ ላይ የፈጸመውን ግድያ አጋልጣ ከአገር ተባረረች። ከዚያ ወደ ሶማሊያ፣ በ1996 ደግሞ ወደ ቦረማ መጣች። ቦረማ ላይ የነቀርሳ ሆስፒታልና መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አቆመች። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ናንሰን የተባለውን ሽልማቱን ሰጣት።

አትሰብክም ነበር። ልጅ አላጠመቀችም። እንደ አገሩ ሴት ተሸፋፍና፣ በድህነት ኖረች። እንደዚያም ሆኖ የኤድስ በሽተኞችን በማስታመሟ ድንጋይ የወረወሩባት ነበሩ። ኦክቶበር 5 ቀን 2003 በሆስፒታሏ ግቢ ተተኩሶባት ሞተች። ወሩ ሳያልቅ ሼክ ከተማ ላይ ሪቻርድና ኢኒድ አይንግተን የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት፣ አስተማሪዎች፣ በቤታቸው ተገደሉ።

እንግዲህ ጥንቃቄ ዋስትና አይደለም። ገዳይ ምክንያት አያጣም። ነገር ግን ሌላውንም እንይ። አናሌና ከሞተች በኋላ ሆስፒታሏም ትምህርት ቤቷም አልተዘጉም። የበርበራው ሚሲዮን መንግሥት ሲዘጋው ለቆመለት አንድም የአገር ሰው እንደነበረው አንሰማም፤ የቦረማውን ግን የአገሩ ሰዎች ይዘውት ቀጠሉ። ያ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

የ2017ቱ ሳምንት

በጁላይ 2017 መጨረሻ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የተሠራችው የቅዱስ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዓመት በኋላ በመንግሥት ፈቃድ ተከፈተች። የከፈቷት ያኔ የጅቡቲ ጳጳስና የሞቃዲሾ ሐዋርያዊ አስተዳዳሪ የነበሩት አቡነ ጆርጅዮ ቤርቲን ናቸው። የታሰበችው ለውጭ አገር ሰዎች ነበር። ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ፤ ሼኮች ተናገሩ፤ ሕዝቡ ጠየቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት የሕዝቡን ስሜት አከብራለሁ ብሎ መልሶ ዘጋት።

ያን ሳምንት ከእኛ መካከል የተናደደም፣ የተሸማቀቀም ነበር። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ግን ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ ሕንፃዋ ለአሥርት ዓመታት በከተማው መካከል ቆማ ነበር፤ ያፈረሳት የለም። ቁጣ ያስነሣው ግንቡ ሳይሆን መከፈቱ በአዋጅ መልክ መነገሩ ነው። በዚህ አገር የተነገረ ነገርና የሚኖር ነገር አንድ አይደሉም። ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስንት ነገር በስምምነት ሲሠራ ኖሮ ወረቀት ላይ የሰፈረ ቀን ይቆማል!

የእኛ ጉባኤ

አሁን ወደ ራሳችን። እዚህ ያለነው ጥቂቶቹ ነጋዴ፣ ሌሎቹ ግንበኛ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ የምግብ ቤት ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ በጉዞ ላይ ቀርቶ የቀረ ስደተኛም አለን። ኦርቶዶክስ፣ ጴንጤ፣ ካቶሊክ ነን፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ብዙ ናቸው፤ እነሱ መስጊዱ ቤታቸው ነው። የሥራ ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ ክርስቲያኖቹ የምንሰበሰበው ዓርብ ነው። እሑድ ሱቅ ክፍት ነው። የትና በስንት ሰዓት የሚለውን እዚህ አንጽፍም።

ለጴንጤዎቹ ነገሩ ይቀላል። ሁለት ሦስት ሆነው ከተሰበሰቡ ኅብረት ነው፤ መዝሙሩን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። ለኦርቶዶክሱ ግን ታቦት በሌለበት ቅዳሴ የለም። ስለዚህ የቀረው ጸሎቱና የጽዋ ማኅበሩ ነው። መጠጥ በአገሩ ክልክል ስለሆነ በጠላ ፈንታ ብርዝ ይቀርባል፤ ከበሮ አይመታም፤ እልልታ የለም። ልጅ ሲወለድ ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን ክርስትና ለማስነሣት ወደ ጅግጅጋ መሻገር ነው። በ2018 ነሐሴ መጀመሪያ ጅግጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው ካህናት ሲገደሉ፣ እዚህ ላለን ሰዎች የተቃጠለው የልጆቻችን መጠመቂያ ነበር። እሳቱ ደግሞ የተነሣው ከድንበሩ ወዲያ፣ በራሳችን አገር ውስጥ እንደነበረ አንርሳ።

ሞት ሲመጣ ሥራውን የሚይዘው እድሩ ነው። መዋጮው በዛድ በስልክ ይሰበሰባል፤ አስከሬኑ በወጃሌ በኩል ወደ አገር ይላካል። ይህ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ወረቀት ይፈልጋል፣ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ሲሞት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በዚህ ሁሉ ያለ አገሩ ሰው እርዳታ አንድ እርምጃ አንራመድም። አከራያችን፣ የሱቅ ሸሪካችን፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ መኪናውን በዱቤ የሚሰጠን ሾፌር፣ እነዚህ የዛሬ አባኖቻችን ናቸው። ስሙ ተረሳ እንጂ ሥርዓቱ አልሞተም።

በሩን ያንኳኳ ልጅ

በመካከላችን ሁልጊዜ የሚያከራክር ጥያቄ አለ። አንድ ሶማሌ ወጣት መጥቶ «እናንተ የምትሰሙትን መስማት እፈልጋለሁ» ቢልስ? ከአገር ቤት ለጥቂት ቀን የሚመጡ አንዳንድ ሰባኪዎች መልሱ ቀላል ነው ይሉናል፤ «ማስገባት ነው፣ ፈርታችሁ እንጂ»። ማይክራፎን ይዘው፣ ቪዲዮ ቀርጸው፣ ሰኞ በአውሮፕላን ይመለሳሉ። እኛ ማክሰኞም እዚሁ ነን። ልጁም እዚሁ ነው።

በዚህ ጉዳይ ሁላችንም አንድ ሐሳብ የለንም፤ ሃይማኖት ያለው ሰው የመጣን ሰው መመለስ ይከብደዋል። ግን የበርበራው ታሪክ የሚለን አንድ ነገር አለ። ያ ወጣት የሚያጣው መስጊዱን ብቻ አይደለም። ዘመዱን፣ ርስቱን፣ ሚስት የሚያገኝበትን፣ ሲታመም የሚያዋጣለትን፣ ሲገደል ደሙን የሚጠይቅለትን ሁሉ ያጣል። በዚያ ፈንታ እኛ ምን ልንሰጠው እንችላለን? እኛ ራሳችን በሌላ ሰው ዋስትና የምንኖር ነን። የራሱ ዋስ የሌለው ለሌላው ዋስ አይሆንም። መነኮሳቱ «ጎሳችሁ እኛ ነን» ብለው ቃል ሊገቡ ቻሉ፤ ቃሉ ግን ዕድሜው ሃያ ዓመት አልሞላም። የማንጠብቀውን ቃል በሰው ነፍስ ላይ መግባት ድፍረት እንጂ እምነት አይደለም፤ አብዛኞቻችን የደረስንበት ይህ ነው። ሕጉንም የምናከብረው ስለምንፈራ ብቻ አይደለም። እንግዳ ሆነን ተቀብለውናል፤ የእንግዳ ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው።

ለዚህ ዝምታ የምንከፍለው ዋጋ አለ። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው ሶማሊኛን ከእኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ የጓደኞቻቸው በዓል በዓላቸው ነው፤ ስለራሳቸው በዓል ግን ከመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ ይሰማሉ። እምነት የሚያሳፍር ነገር የመሰለው ልጅ አለ። ይህን ማዳን የሚሲዮን ሥራ አይደለም፤ የወላጅ ሥራ ነው፤ ሕግም አይከለክለውም። ስለዚህ በማኅበራችን ስንነጋገር የቆየነው ሦስት ነገር በተግባር እንዲጸና እንፈልጋለን። የመጀመሪያው፣ ልጆችን በየቤቱ ፊደልና ሃይማኖታቸውን የሚያስተምር ሰው በየሰፈሩ መመደብ ነው። ሁለተኛው፣ የእድሩን መዋጮ ወረቀት የሌለውንም እንዲሸፍን አድርጎ ማስተካከል ነው። ሦስተኛው፣ ከአገር ቤት ሰባኪ ወይም ዘማሪ የሚጋብዝ ሁሉ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች እንዲያሳውቅ፣ ምንም ነገር ተቀርጾ እንዳይለጠፍ ነው።

በረመዳን ወር ጎረቤት ከሚልክልን ሳምቡሳ ለፋሲካ የምንመልሰውን ዳቦ አንርሳ። አሁን የሚሻገር ወገን ሁሉ የእድሩን መዝገብ ከወጃሌ ጀምሮ ይጠይቅ፤ ስሙንና የተጠሪውን ስልክ ያስመዝግብ። ሰው በሰው አገር የሚቆመው ስሙን በሚያውቅ ሰው ነው።